ላንቃውን ተዉት፤ ግርግሙን እዩ

ቢቸናም ሆነ ሞጣ ገበያ ዳር ቆሞ የከብት ወሬ ያዳመጠ ሰው ፍርዱን በቃሉ ያውቀዋል። በሬ መኖ ሲተው «ቡዳ በልቶት ነው» ይባላል። ላም የጨርቅ ቁራጭ ወይም ደረቅ አጥንት ስታኝክ ከታየች «አመሏ ነው» ይባላል። አህያ ወይም በቅሎ ገብሱን ከአፉ እያንጠባጠበ ካስቸገረ ደግሞ «ላንቃው አብጦ ነው» ተብሎ ስለት ወይም የጋለ ብረት ይፈለጋል። ጥፋተኛው ወይ የከብቱ አፍ ነው፣ ወይ የጎረቤት ዓይን። ከብቱ ፊት የቀረበው ነገር ግን አይጠየቅም። እኔ የምከሰው ግርግሙን ነው፤ ደግሞም በማስረጃ።

ከአጥንቱ ልጀምር፤ ትልቁ ስህተት ያለው እዚያ ነውና። በጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ያሉት የእነማይና የሁለት እጁ እነሴ ወረዳዎች ከብት የዓመቱን ብዙ ወር የሚገፋው በጭድና በቃርሚያ ነው። የቢቸና ጥቁር መሬት በጤፉ የተመሰገነ ነው፤ ለጤፍ ስለተመቸ ግን ግጦሹ ዓመት ከዓመት እየታረሰ አልቋል። ወደ ጮቄ ተራራ ከፍ ሲባል አፈሩ አሲዳማ ነው፤ አሲዳማ አፈር ፎስፈረስን አጥብቆ ስለሚይዝ ለሣሩ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ያንን ሣርና ያንን ጭድ የሚበላ ከብት ከገዛ አጥንቱ እየመነዘረ ይኖራል። የምትታለብ ላም ይብስባታል፤ በእያንዳንዱ ሊትር ወተት 1 ግራም ገደማ ፎስፈረስ ከአካሏ ይወጣል። ስንቋ ሲሟጠጥ አጥንት ፍለጋ ትወጣለች። ሆዷ በጭድ ተወጥሮም ርቧታል፤ ይህን አመል ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ነገሩ ከታወቀ መቶ ዓመት አልፎታል። ትውልደ ስዊዘርላንዳዊው የእንስሳት ሐኪም አርኖልድ ታይለር እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከብቱን ሽባ አድርጎ የሚፈጅ በሽታ ሲመረምር የደረሰበት ይኸው ነበር። ግጦሹ ፎስፈረስ ይጎድለዋል፤ ከብቱ ሜዳ ላይ የተጣለ የበድን አጥንት ያኝካል፤ በበሰበሰው አጥንት ላይ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ አለ፤ መርዙ ከብቱን ያሽመደምደዋል። የአጥንት ዱቄት ሲሰጣቸው የአጥንት ፍለጋው በረደ፣ ሞቱም ቀነሰ። እዚያ ቡዳ አልተፈለገም።

እኛ አሞሌ እንሰጣለን። ከብቱ ሶዲየም አንሶት አፈርና ሽንት የሚልስ ከሆነ አሞሌው በእርግጥ ይጠቅመዋል። ፎስፈረስ ግን አሞሌ ውስጥ የለም። ጨዉን ልሶ ሲያበቃ እንደገና ወደ አጥንቱ የሚመለሰው በሬ ታዲያ «አላልኩም? አመሉ ነው» ለሚለው ሰው ምስክር ሆኖ ይቆማል። የጎደለው ያለው የስንዴ ፉርሽካ ውስጥ ነው፤ የኑግ ፋጉሎም ፎስፈረስን ከፕሮቲን ጋር ይዟል። ዋጋቸው እንደሚያም አውቃለሁ፤ ለመንጋው ሁሉ በየቀኑ ይሰጥ የሚል ቅንጦትም የለኝም። ለምትታለበው ላምና ለሚያርሰው በሬ ጭዱ ላይ ጥቂት ጥቂት መነስነስ ግን ለባለ ውቃቢና ለማይረባ መርፌ ከሚወጣው ብር ይበዛል ብላችሁ አታሳምኑኝም።

የቡዳው ክስ ጉዳቱ ከከብቱ ያልፋል። ጣቱ የሚቀሰረው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው፦ ወደ ሸክላ ሠሪዋ፣ ወደ ፋቂው፣ ወደ ቀጥቃጩ። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ዛሬም ማረሻውን ያሾለለትን ቀጥቃጭ «በሬዬን በላው» የሚል ገበሬ አለ። በሬው ፉርሽካ አጥቶ ሲከሳ አንድ ቤተሰብ ከማኅበርና ከጋብቻ ይገለላል። ይህን «ባህላችን ነው» ብሎ በዝምታ የሚያልፍ የተማረ ሰው ከከሳሹ ያነሰ ጥፋት የለበትም።

ወደ ጋማ ከብቱ ልሂድ። የወጣት አህያ፣ የፈረስና የበቅሎ ላንቃ ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች በሚበቅሉበት ዕድሜ ከጥርሱ ኋላ ማበጡ የተፈጥሮ ነው፤ ያለ ስለት ይመለሳል። የላንቃ መብጣት ዝና ያተረፈው በዚህ ነው፤ በራሱ ሊሻል የነበረው ሲሻለው ምስጋናው ለስለቱ ይሆናል። የማይሻለው ግን ደሙ እየፈሰሰ፣ በቁስል ላይ ገብስ እንዲያኝክ ይፈረድበታል። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ መንጋጋው ላይ ነው። የላይኛው መንጋጋ ውጭ ውጩ፣ የታችኛው ውስጥ ውስጡ እየሾለ ጉንጭና ምላስ ይቆርጣል፤ እንስሳው በከፊል ያላመጠውን ሣር ጠቅልሎ ይተፋል። መድኃኒቱ ሞረድ የያዘ ሐኪም ነው። ጊዜም የለም፦ አህያ መብላት ስታቆም የተከማቸው ስቧ ወደ ደሟ ይፈስና በጥቂት ቀናት ልትሞት ትችላለች።

ይህን የገጠር ሰው ጉድለት ብቻ አድርጎ ፈገግ የሚል ከተሜ ካለ አንድ ነገር ልንገረው። ሲፈራ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ራሱን የሚሸሽግ ትንሽ የምዕራብ አፍሪካ ዘንዶ አለ፤ ከቶጎ፣ ከቤኒንና ከጋና በብዛት እየተጫነ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የቤት እንስሳ ሆኗል። ይህ ዘንዶ ቆዳውን ሊቀይር ሲል አይበላም፤ ወንዱ በመራቢያ ወራት ይጾማል፤ ለአቅመ እርባታ የደረሰ ጤነኛ ዘንዶ ለወራት ሳይበላ ቢቆይ ብዙም አይጎዳም። ባለቤቱ ግን ይሸበርና አፉን ፈልቅቆ አይጥ ይጎሰጉስበታል። ልምድ ያላቸው አርቢዎች መጀመሪያ የሚያዩት ቤቱን ነው፦ ሙቀቱ በቂ ነው ወይ? መደበቂያ አለው ወይ? የጎጃሙን አህያ የሚገድለው ጦም ነው፤ ዘንዶውን የሚጎዳው ግን መጎስጎሱ ነው። አለመብላት ለሁለቱ አንድ ትርጉም የለውም፤ ሁለቱን የሚያሠቃያቸው ግን አፍ ላይ የሚቸኩል እጅ ነው።

መጀመሪያ ላይ ጨርቅ ስታኝክ ያየናት ላም ፌስታልም ትበላለች፤ ነገሩን ለማሳጠር ያህል፦ ላሟ ፌስታሉን የምትበላው ጨውና የምግብ ትራፊ ስለነካውና ሌላ የሚበላ ስላጣች ነው። ጨጓራዋ አይፈጨውም፣ አያሳልፈውም፤ እየተቋጠረ ቦታ ይይዝና ሆዷ የሞላ መስሎ ጎኗ ይከሳል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳውን ፌስታል ገደበ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ጸደቀ። ላሟ አዋጅ አታነብም፤ የገበያውን ቆሻሻ ሳይሰበስቡ ከብት የሚለቁት ግን ያነባሉ።

ዘመናዊውም ወገን ከክሱ ነጻ አይወጣም። አልበላ ላለ ከብት ሁሉ አንድ ነጭ ክኒንና አንድ መርፌ መስጠት፣ ምን እንደሚበላ ሳይጠይቁ መሸኘት፣ ስለቱን በመርፌ መተካት ብቻ ነው። የጉበት ትል በረግረጋማው ሜዳ በእርግጥ አለ፤ ትል የሌለበትን ከብት በትል መድኃኒት ማከም ግን ሕክምና አይባልም።

የሁለቱ ወረዳዎች የእንስሳት ጽሕፈት ቤቶች ላንቃ መብጣትንና መተኮስን በግልጽ ይከልክሉ፤ ሐኪሞቻቸው መርፌ ከማንሳታቸው በፊት ስለ መኖው ይጠይቁ። አጥንት የሚያኝክ ከብት ያላችሁ ደግሞ አጥንቱን ከአፉ አውጥታችሁ ቅበሩት፤ በድን ሜዳ ላይ አትጣሉ፤ በዚያው ቀን ፉርሽካ ጀምሩለት።