ታሪክ የሚያስቀጥሉ ደራሲዎች ስማቸው ይጠራ

“ዶክተር ሁ” የተሰኘው የእንግሊዝ የሳይንስ ልብወለድ ተከታታይ ድራማ በቢቢሲ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው። ከስልሳ ዓመት በላይ እንዴት ዘለቀ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ፣ በጊዜ ውስጥ የሚመላለሰው ዋና ገጸ ባሕርይ ሊሞት ሲቃረብ አካሉን ቀይሮ በአዲስ ተዋናይ መመለስ መቻሉ ነው። መልሱ እውነት ቢሆንም ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ድራማው ከስርጭት በወጣባቸው ዓመታትም አልሞተም ነበር። በእነዚያ ዓመታት በሕይወት ያቆዩት ሌላ ሰው የፈጠረውን ዓለም በፈቃድ ተቀብለው በመጽሐፍ የቀጠሉ ጸሐፍት ናቸው። አስቀጣይ ደራሲዎች ልበላቸው። ሐያሲው አይጽፍላቸውም፣ ሸላሚው አያያቸውም፣ ሥራቸውም የፊልም ገበያ ትርፍራፊ ተደርጎ ይታያል። እኔ ግን ረጅም ዕድሜ ያለው የፈጠራ ዓለም የሚከበርበት ቀን ከመጣ ቀድመው መከበር ያለባቸው እነርሱ ናቸው እላለሁ። ክብራቸውም ከስማቸው መጠራትና ከድርሻቸው መከፈል ይጀምራል። ይህን መለኪያ ከለንደን መዋስ አያሻንም። ከሽንሌ እስከ ጅግጅጋ በሚኖረው የሶማሊ ሕዝብ የግጥም ሥርዓት ውስጥ ከጥንትም ያለ ነው።

አስቀጣይ ደራሲ የሚሠራው የመጀመሪያው ሥራ ማዳን ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ቢቢሲ የቀረጻ ቴፕ ውድ ስለነበረበት፣ የታየ ድራማም ዳግም ገበያ ይኖረዋል ብሎ ስላላሰበ፣ ብዙ ፕሮግራሞቹን እየደመሰሰ ቴፑን ለሌላ ቀረጻ ያውለው ነበር። ከመጀመሪያዎቹ የዶክተር ሁ ዓመታት ወደ መቶ የሚጠጉ ክፍሎች ምስላቸው የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ዘመን ያመለጠውን ክፍል በቤቱ መልሶ የሚያይ ሰው አልነበረም። ታርጌት የተባለው አሳታሚ ከ1973 ጀምሮ የድራማውን ታሪኮች በርካሽ ዋጋ ለልጆች በመጽሐፍ ማውጣት ሲጀምር ግን ክፍተቱ መሞላት ያዘ። ከሁሉም በላይ የደከመው ቴራንስ ዲክስ ነው። ቀድሞ የድራማው የጽሑፍ አርታኢ የነበረ ሲሆን፣ በ2019 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ከስልሳ በላይ የዶክተር ሁ ታሪኮችን በአጭርና ጥርት ባለ ዐረፍተ ነገር ወደ መጽሐፍ መልሷል። ምስሉ የጠፋን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በእነዚህ መጻሕፍት ያወቀ ትውልድ አለ። ባለቤቱ ተቋም የጣለውን ያነሣ ሰው ትርፍራፊ ለቃሚ ሊባል አይገባም።

ሁለተኛው ሥራ ማሳደግ ነው። ድራማው በ1989 ሲቋረጥ የመመለስ ተስፋው የመነመነ ነበር። በ1991 ቨርጂን የተባለው አሳታሚ ቀድሞ በቴሌቪዥን ያልታዩ አዳዲስ ታሪኮችን ለአዋቂ አንባቢ ማውጣት ጀመረ። ምንም ላላሳተሙ ጀማሪዎችም በሩን ከፈተ። በዚያ የመጻሕፍት ተከታታይ ከጻፉት ፖል ኮርኔል፣ ማርክ ጋቲስና ራስል ቲ ዴቪስ ይገኙበታል። ድራማው በ2005 ሲመለስ መሪ ጸሐፊው በ1996 በዚያ ተከታታይ አንድ ልብወለድ ያሳተመው ዴቪስ ነበር። ኮርኔል በ1995 ያሳተመው መጽሐፍ ደግሞ በ2007 በራሱ እጅ ተሻሽሎ ሁለት የቴሌቪዥን ክፍሎች ሆነ። ሌሎች ዓለማትም ተመሳሳይ ምስክርነት ይሰጣሉ። በ“ስታር ዎርስ” የጋላክሲው ዋና ከተማ ኮረሳንት የሚለውን ስም ያገኘው በ1991 ከወጣው የቲሞቲ ዛን ልብወለድ ሲሆን፣ ፊልሞቹ የተቀበሉት በኋላ ነው። የ“ስታር ትሬክ”ን ሱሉ ሂካሩ ብላ ሙሉ ስም የሰጠችው ቮንዳ ማኪንታየር በ1981 ባሳተመችው ልብወለድ ነው። ስሙ በፊልም የተነገረው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ የውኃው ፍሰት ከፊልም ወደ መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ምንጩ ሲነጥፍ ከታች የተጠራቀመው ወደ ላይ ተመልሷል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በሶማሊ ባህል ገባይ የሚባለውን ከባድ ግጥም የሚገጥመው ሰውና በቃሉ ይዞ ከአገር አገር የሚያደርሰው ሰው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። አድራሹ ግን ሁለት ግዴታ አለበት፤ ግጥሙን ሳያዛባ ማቅረብና የገጣሚውን ስም አስቀድሞ መናገር። ስም ሳይጠሩ የሰውን ግጥም ማሰማት ነውር ነው። የግጥሙ አሠራር ራሱ ዘብ ይቆማል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስንኝ በአንድ ድምፅ የሚጀምሩ ቃላት መደጋገም ስላለባቸው፣ የመጣለትን ቃል የሚሰነቅር አድራሽ ወዲያው ይታወቅበታል። ከዚህም አልፎ ብዙ ገጣሚዎች በአንድ ጉዳይ ላይ እየተቀባበሉ የሚገጥሙበት የሰንሰለት ግጥም አለ። ሞሐመድ ሐሺ ዳማዕ፣ በቅጽል ስሙ ጋሪዬ፣ በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ “ዴሌይ” የተባለውን ሰንሰለት ሲጀምር ሐድራዊን ጨምሮ በርካታ ገጣሚዎች ተቀብለውታል፤ ቅብብሉም በካሴት እየተባዛ ሕዝብ ዘንድ ደርሷል። ጀማሪው ድምፁንና ጉዳዩን ወሰነ፤ ተከታዮቹ በዚያው ድምፅ እየገጠሙ የየራሳቸውን ሐሳብ አመጡ። የማን ስንኝ የማን እንደሆነ ግን አልጠፋም። አንድ የጋራ ዓለም፣ ብዙ ደራሲ፣ እያንዳንዱም በስሙ። የፊልም ኩባንያዎች ዛሬም በውልና በክርክር የሚፈልጉት ሚዛን ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከጥራት ይነሣል። አስቀጣይ ደራሲ ገጸ ባሕርይው ተሰጥቶት፣ መጨረሻው ተወስኖለት፣ ቀነ ገደብ ተቆርጦለት የሚጽፍ ቅጥረኛ ነው፤ ነፃነት የሌለበት ጽሑፍ ጥበብ አይሆንም ይባላል። ከእነዚህ መጻሕፍት መካከል ብዙ ደካማ ሥራ መኖሩን መካድ አያስፈልግም፤ በጥድፊያ የተጻፈ ጥድፊያው ይታወቅበታል። ይሁን እንጂ ገደብን የጥበብ ጠላት አድርጎ ማየት ግጥም ለሚያውቅ ሕዝብ የሚዋጥ ክርክር አይደለም። በአንድ ድምፅ ታጥሮ መቶ ስንኝ የሚገጥም ሰው ባለበት አገር፣ የተሰጠ ገጸ ባሕርይ የደራሲን እጅ ያስራል ማለት አይቻልም። እንዲያውም ችሎታ የሚለየው አጥሩ ሲጠብ ነው። ኮርኔል ከተሰጠው ገጸ ባሕርይ ተነሥቶ፣ ዶክተሩ ማንነቱን ረስቶ ተራ ሰው ሆኖ ቢኖርና ቢያፈቅር ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው የቆየውን ገጸ ባሕርይ ሳይነካ ማንም ባላየው በኩል አሳየው። ለዚህም ነው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ባለቤቱ ራሱ መልሶ የወሰደው። ደካማውን ሥራ ደካማ እንበል፤ ዘርፉን በጅምላ መናቅ ግን ሂስ አይሆንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሥርዓት ይጠፋል የሚል ነው። ብዙ እጅ ሲገባ አንዱ መጽሐፍ የገደለውን ሌላው ያስነሣል፤ አንባቢም የትኛው እውነተኛ ታሪክ እንደሆነ ይጠፋዋል። ችግሩ እውን ነው። ሉካስፊልም ከዲዝኒ እጅ ከገባ በኋላ፣ በ2014፣ ለብዙ ዓመታት የታተሙትን የስታር ዎርስ ልብወለዶች ከዋናው ታሪክ አውጥቶ “አፈ ታሪኮች” በሚል መደብ አስቀመጣቸው። ውሳኔው ለአዳዲስ ፊልሞች ቦታ ለማስለቀቅ የተደረገ በመሆኑ ለመረዳት አይከብድም። ሆኖም ከሁለት ዓመት ብዙም ሳያልፍ፣ በ2016፣ ዛን በመጽሐፍ የፈጠረው አድሚራል ትሮን በካርቱን ተከታታዩ ላይ እንደሚመለስ ተነገረ፤ በ2023 ደግሞ በተዋናይ ተሠርቶ ታየ። የባለቤት ማኅተም አንድ ታሪክ ዋና ነው ወይም አይደለም ሊል ይችላል፤ ሕዝብ የወደደውን ግን ማስረሳት አይችልም። ስለ ንግሥት አራዌሎ የሚነገሩት የሶማሊ ተረቶችም እርስ በርሳቸው አይስማሙም። አንዱ ተራኪ ጨካኝ፣ ሌላው ለሴቶች የቆመች ያደርጋታል። ልዩነቱ ተረቱን አላጠፋውም፤ እንዲያውም በየትውልዱ ክርክር እያስነሣ አቆይቶታል። ሥርዓት የሚጠፋው የተለያየ ነገር ስለተነገረ ሳይሆን ማን ምን እንዳለ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። የስም አስፈላጊነት እዚህም ይመጣል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሕግ ነው። ዓለሙ የባለቤቱ ነው፤ ጸሐፊው ተስማምቶ ጽፏል፣ ተከፍሎታል፣ ከዚህ በላይ ምን ይጠይቃል? በፍጹም የማይታለፍ ጥያቄ በመሆኑ በቁም ነገር መመለስ አለበት። የመጀመሪያው የስታር ዎርስ ልብወለድ በ1976 መጨረሻ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የነበረው የጆርጅ ሉካስ ስም ነው፤ የጻፈው ግን አለን ዲን ፎስተር ነበር። በውል የሆነ ስለነበረ ሕገወጥ አልነበረም። ከዓመታት በኋላ፣ በ2020፣ ይኸው ደራሲ ከመጽሐፎቹ ሽያጭ የሚገባው ክፍያ የመጽሐፎቹን መብት የያዙት ኩባንያዎች በዲዝኒ ከተገዙ ወዲህ እንደቆመበት በአደባባይ ተናገረ፤ የአሜሪካ የሳይንስ ልብወለድ ደራሲዎች ማኅበርም አብሮት ቆመ፤ በኋላም ስምምነት ላይ ተደረሰ። ስም መጀመሪያ ሲቀር ክፍያ በኋላ ለመቅረት እንደሚቀለው ይህ ታሪክ ያሳያል። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኢኮኖሚ መብትን ከሞራል መብት ይለያል። የመጀመሪያው በውል ለሌላ ሊተላለፍ ይችላል፤ ሁለተኛው የሥራው አመንጪ በስሙ እንዲታወቅ የመጠየቅ መብትን ያካትታል። ሄር ኢሴን ጠቅሶ የጋራ ቅርስ የግል ስም አያሻውም የሚልም ይኖራል፤ በ44 ሽማግሌዎች ሸንጎ የሚታወቀው፣ በ2024 ዩኔስኮ በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የኢሳ ሕዝብ ሕግ በእርግጥ የአንድ ሰው ድርሰት አይደለም። ግን ሄር ኢሴ ለገበያ አልቀረበም፤ ከእርሱም በብቸኝነት የሚያተርፍ ባለቤት የለም። አንድ ወገን የሚሸጠውን ነገር ሌላው ከጻፈው ግን የጸሐፊው ስም ሊቀር አይገባም።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ካለ የራሳችንን መደርደሪያ ይመልከት። የይስማዕከ ወርቁ “ዴርቶጋዳ” የጣና ገዳማትንና የጠፈር ሳይንስን አገናኝቶ ብዙ አንባቢ ያገኘ፣ በ“ራማቶሓራ”ና በ“ዣንቶዣራ” የቀጠለ ዓለም ነው። የኢታን ኮሚክስ “ጀምበር” ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግናን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አምጥቷል። ጅግጅጋ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያዋ በስሙ የሚጠራው የሶማሊ ባህላዊ መሪ ገራድ ዊል ዋል አላት። ገራዱ ሰውን ከሰው የሚያጣላውንና የሚያስማማውን የበግ ብልት አምጡልኝ ሲል፣ አንዲት የድሃ ልጅ ለአባቷ ጉሮሮን እንዲወስድ የመከረችበትን ተረት የማያውቅ ልጅ በአካባቢው ጥቂት ነው። ያንኑ ተረት በ2007 ለልጆች በመጽሐፍ መልሳ የተረከችው አሜሪካዊቷ ካትሊን ሞሪያርቲ ናት፤ ሥዕሉን የሠራው ሶማሊያዊው አሚን አሚር ሲሆን የወጣውም በሚኒሶታ ነው። ሁለቱም በስማቸው ይታወቃሉ፤ ይገባቸዋልም። የሚያስቆጨው ይህን መሰል ሥራ ከሽንሌ፣ ከጅግጅጋና ከድሬዳዋ ወጣቶች እጅ በብዛት አለመውጣቱ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ተጨባጭ ነገር ነው። ተወዳጅ ዓለም የፈጠሩ ደራሲዎቻችን በሕይወት ሳሉ ለወጣቶች በፈቃድና በጽሑፍ ውል በሩን ይክፈቱ፤ ቨርጂን በ1991 የከፈተው በር ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ምን እንዳፈራ አይተናል። አሳታሚዎች የአስቀጣዩን ስም ሽፋኑ ላይ፣ የሽያጭ ድርሻውንም ውሉ ውስጥ ያስፍሩ። በየሳምንቱ የሚተላለፉ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች በፈረቃ የሚጽፏቸውን ሰዎች በእያንዳንዱ ክፍል ይጥሩ፤ የጠፋ ቴፕ ሊተርፍ የሚችለው ጽሑፉን ማን እንደያዘ ሲታወቅ ነውና። የክልሉ የባህል ተቋማትና ትምህርት ቤቶች የዊል ዋልንና የአራዌሎን ተረቶች በሶማልኛና በአማርኛ፣ ለምን በጠፈር መርከብ ላይ አይሆንም፣ አዲስ አድርገው ለሚጽፉ ልጆች ውድድር ያዘጋጁ። አሸናፊው ሥራውን በአደባባይ ሲያነብ በጥንቱ ደንብ ይጀምር፤ ተረቱን ከማን እንደሰማ ይናገር፣ ቀጥሎም የራሱን ስም ይጥራ።