በቅባት ዕቃ ጀርባ ስለሚጻፈው ጽሕፈት

በአዊ ምድር የጠጉር ቅቤ የምትሻ ሴት፣ ወተቱ የታለበባትን ላም ወይም ቅቤውን ያወጣችውን ባልቴት ስለምታውቅ፣ የገባበትንም አደስ አሽትታ ስለምትለይ፣ የምትቀባው ነገር ምን እንደ ሆነ ሌላ ምስክር አያሻትም ነበር። ዛሬ በዚያው በአዊ፣ በአዘና ከተማ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ተሰልፎ የሚታየው ክሬምና ሎሽን ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ የሠራውም እጅ የማይታወቅ በመሆኑ፣ ስለ ባሕርዩ የሚመሰክርለት በጀርባው በደቃቅ ፊደል የታተመው ጽሕፈት ነው፤ ይህም በባዕድ ቋንቋ ስለ ተጻፈ፣ ገዢዋ የሻጩን ቃልና በፊቱ የታተመውን የቆንጆ መልክ አምና ትሄዳለች።

ጽሕፈቱ ሥርዓት አለው። ብዙ አገሮች በሚከተሉት ደንብ ከቅመሞቹ በመጠን የሚበልጠው በመጀመሪያ ይጻፋል፤ ከመቶ አንድ እጅ በታች የሆኑት ብቻ በመጨረሻ ያለ ቅደም ተከተል ሊደረደሩ ይችላሉ። ስለዚህ በፊቱ የእሬት ቅጠል በጉልህ ተሥሎ ሳለ፣ በጀርባው የእሬት ስም ከሽቶው ቀጥሎ በመጨረሻው ረድፍ ቢገኝ፣ ገንዘቡ የተከፈለው ይልቁንም ለውኃና ለግሊሰሪን መሆኑ ይታወቃል። ክዳኑ የተከፈተ የብልቃጥ ሥዕል ደግሞ 12 ቁጥር ተጽፎበት ቢታይ፣ ቅባቱ ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግለው ለ12 ወር መሆኑን ያመለክታል።

ገንዘብ በከንቱ መጥፋቱስ ከጤና መታወክ ይቀላል። ማድያት ያጠፋሉ፣ ፊት ያቀላሉ እየተባሉ በዓለም ገበያ ከሚሸጡት ቅባቶች መካከል ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ክሎቤታሶል የተገኘባቸው አሉ። ሜርኩሪ በቆዳ ሰርጎ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ሃይድሮኪኖን ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ያጠፋዋል የተባለውን ጥቁረት አብሶ ሊመልሰው ይችላል፤ ክሎቤታሶልም ሐኪም ለቆዳ ሕመም በልክ የሚያዝዘው ብርቱ መድኃኒት ሲሆን፣ ያለ ትእዛዝ ዕለት ዕለት ፊትን ቢቀቡት ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉርም ያወጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 በጃፓን የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት በሜርኩሪ የተሠሩ የቆዳ ማቅያ ቅባቶች ከገበያ እንዲወጡ የደነገገው ስለዚህ ጥፋት ነው። እንዲህ ያለው ቅመም አንዳንዴ ስሙ ሳይጻፍ ስለሚሸሸግ፣ የቅመም ዝርዝርና የሠሪው አድራሻ የሌለበትን ቅባት አለመግዛት የጥበብ መጀመሪያ ነው፤ ጽሕፈት ያለውንም ቢሆን ሳይቀቡ በፊት ለፋርማሲ ባለሙያ አሳይቶ ማስነበብ ይገባል።

ሆኖም የጥንቃቄውን ቀንበር ሁሉ በገዢዋ ጫንቃ ላይ ማኖር ከፍትሕ የራቀ ነው፤ ማንበብ የምትችለውም ብትሆን ያን የኬሚስትሪ ስም ሁሉ ታውቅ ዘንድ አትገደድምና። የውበት መጠበቂያዎችን የመቆጣጠር ሥልጣን ያለው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ አስመጪዎች የቅመሙን ዝርዝር፣ የአጠቃቀሙን ልክና ማስጠንቀቂያውን ሕዝቡ በሚያነበው ቋንቋ፣ ማለትም በአማርኛ፣ እንደ አዊ ባለው አገርም በአገውኛ ጭምር፣ በዕቃው ላይ እንዲለጥፉ ያስገድድ፤ የአዘና ነጋዴም ምንነቱን ሊያስረዳ የማይችለውን ቅባት ከመደርደሪያው ያውርድ። በሰው ገላ ላይ የሚያርፍ ነገር ሁሉ ለባለ ገላው ሊገለጥለት ይገባልና፣ ይህን መጠየቅ ልመና ሳይሆን መብት ነው።