ስለ ክሪኬት ተጫዋቾችና ስለ መጀመሪያው ፍርድ

ሰውን መርጦ በሥራ ላይ የማቆም ሥልጣን የተሰጠው ሁሉ አንድ ችግር ሳይገጥመው አይቀርም። ይኸውም የመረጠው ሰው በመጀመሪያው ሥራው ያልተሳካለት እንደ ሆነ፥ ጨርሶ ማሰናበት ይገባልን? ወይስ ሌላ ጊዜ መስጠት ይሻላል? የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ከታሪክም ከመጻሕፍትም ብዙ ምሳሌ ይገኛል፤ እኛ ግን ዛሬ ምሳሌያችንን ከጨዋታ ሜዳ እናመጣለን። ጨዋታ ምን ቁም ነገር ያስተምራል ብሎ የሚንቅ አንባቢ ቢኖር፥ በዚህ ጨዋታ የእያንዳንዱ ሰው ሥራ ከ100 ዓመት በላይ በቍጥር ተጽፎ መኖሩን እንዲያስብልን እንለምናለን። በብዙ መሥሪያ ቤት መዝገብ እንኳ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አይገኝም።

ጨዋታው ክሪኬት የሚባለው፥ ከእንግሊዝ ተነሥቶ ወደ አውስትራሊያ፥ ወደ ሕንድ፥ ወደ ስሪ ላንካና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች የተስፋፋው ነው። ለማያውቀው ሰው ባጭሩ እንግለጸው። መቺው ጠፍጣፋ የእንጨት መምቻ ይዞ በሦስት ችካሎች ፊት ይቆማል፤ ወርዋሪው ኳሱን ይወረውርበታል። መቺው ኳሱን አርቆ መትቶ ከባልንጀራው ጋራ ከወዲያ ወዲህ በሮጠ ቍጥር ሩጫው ይቈጠርለታል። ኳሱ ችካሉን የመታበት፥ ወይም መሬት ሳይነካ በእጅ የተቀለበበት እንደ ሆነ ግን ከሜዳው ይወጣል። አገሮች እርስ በርሳቸው የሚገጥሙበት ትልቁ ግጥሚያ ቴስት ይባላል፤ እስከ 5 ቀን ይቆያል፤ አንድ መቺም በዚህ ውስጥ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ይቆማል። በአንድ ጊዜ 100 ሩጫ ማግኘት ታላቅ ክብር ነው፤ ያለ አንዳች ሩጫ መውጣት ደግሞ ታላቅ ኀፍረት ነው። ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የስሪ ላንካው ማርቫን አታፓቱ ለአገሩ መጀመሪያ የተሰለፈው በ1990 ዓ.ም. በሕንድ አገር በቻንዲጋር ከተማ፥ 20 ዓመት በሞላው ማግሥት ነው። ሁለት ጊዜ ቆሞ ሁለቱንም ጊዜ በ0 ወጣ። በ1992 ዓ.ም. በኮሎምቦ ከአውስትራሊያ ጋራ በተደረገው ግጥሚያ እንደ ገና ተጠርቶ አንድ ጊዜ 0፥ አንድ ጊዜ 1 አገኘ። በ1994 ዓ.ም. በአሕመዳባድ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰልፎ ሁለቱንም ጊዜ እንደ ገና 0 ሆነበት። እንግዲህ ከሦስት ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ስድስት ጊዜ ቆሞ ያገኘው ሁሉ ቢደመር 1 ሩጫ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ይህ ሰው አይረባም ብሎ የፈረደ ቢኖር ማን ሊወቅሰው ይችል ነበር? መዝገቡ በእጁ ነው።

ዳሩ ግን አታፓቱ በ1997 ዓ.ም. ተመለሰ፤ በዚያውም ዓመት ከቻንዲጋር አጠገብ በምትገኘው በሞሃሊ ከሕንድ ጋራ ሲጫወት 108 ሩጫ አገኘ። በ2007 ዓ.ም. የቴስት ጨዋታውን ሲፈጽም 90 ግጥሚያ ተሰልፎ 5,502 ሩጫ አስቈጥሮ ነበር። አሥራ ስድስት ጊዜ ከመቶ በላይ አልፏል፤ ከነዚህም ውስጥ ስድስቱ ከሁለት መቶ በላይ ናቸው። የአገሩም ቡድን አለቃ ለመሆን በቅቷል።

ይህ የሆነው መራጮቹ ታጋሾች ስለ ነበሩ ነው ብሎ መመለስ ይቀላል። እኛ ግን ይህ መልስ የነገሩ እኩሌታ ብቻ ነው እንላለን። አታፓቱ ከትልቁ ሜዳ በወጣ ጊዜ የሚመለስበት ሌላ ሜዳ ነበረው፤ በአገሩ ውስጥ ማኅበሮች እርስ በርሳቸው በሚገጥሙበት ጨዋታ ተሰልፎ ብዙ ሩጫ ያገኝ ነበር፤ ያገኘውም ሩጫ ይጻፍለት ነበር። ስለዚህ መራጮቹ መልሰው በጠሩት ጊዜ አዝነውለት አይደለም፤ ሥራውን አይተው ነው። እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ሜዳ ባይኖር ኖሮ ትዕግሥታቸው የዕውር ትዕግሥት በሆነ ነበር። የእንግሊዙ ግራሃም ጉችም እንዲሁ በ1975 ዓ.ም. በበርሚንግሃም በ0 እና በ0 ጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ከቡድኑ ወጣ፤ በኤሴክስ አውራጃ ቡድን ሲጫወት ቆይቶ በ1978 ዓ.ም. ተመለሰ። በ1990 ዓ.ም. በለንደን በሎርድስ ሜዳ በአንድ ግጥሚያ 333 እና 123 ሩጫ ያገኘው ይኸው ሰው ነው።

ከዚህ የተለየ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። አንዳንድ ሰው የሚደክመው ችሎታ ስለ ጐደለው ሳይሆን የርሱ ባልሆነ ሥራ ላይ ስለ ቆመ ነው። አውስትራሊያዊው ስቲቭ ስሚዝ በ2010 ዓ.ም. በሎርድስ ሲጀምር የተመረጠው ለውርወራ ነበር፤ ለመምታት የቆመው ከሰባት ሰዎች በኋላ፥ በስምንተኛ ተራ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከቡድኑ ወጣ። በ2013 ዓ.ም. መቺ ሆኖ ተመለሰና በ2017 ዓ.ም. የመቺዎች ማዕርግ በሚሰፈርበት ሠንጠረዥ 947 ነጥብ ደረሰ፤ ከዚያ አስቀድሞ ይህን ያለፈው በ961 ነጥብ ዶናልድ ብራድማን ብቻ ነበር። ይህ ብራድማን ራሱ በ1928 ዓ.ም. በመጀመሪያው ቴስት 18 እና 1 ሩጫ ብቻ አግኝቶ ለሚቀጥለው ግጥሚያ ከሰልፍ የተተወ ሰው መሆኑን እግረ መንገዳችንን እናስታውሳለን። ስሚዝም በ2018 ዓ.ም. አለቃ ሳለ ኳስ በማበላሸት ጥፋት አንድ ዓመት ታግዷል፤ የእጅ ችሎታና የጠባይ ቀናነት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ከርሱ በፊት የነበረው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ሮድስ ይበልጥ ያስደንቃል። በ1899 ዓ.ም. ለአገሩ ሲጀምር ወርዋሪ ነበር፤ በ1903 ዓ.ም. በሲድኒ ሜዳ የመጨረሻ መቺ ሆኖ ይሰለፍ ነበር። በ1912 ዓ.ም. ግን በሜልቦርን ከጃክ ሆብስ ጋራ የመጀመሪያ መቺ ሆኖ ቆመና ሁለቱ ሳይለያዩ 323 ሩጫ አስቈጠሩ። ከጅራት ወደ ራስ ለመውጣት ዘጠኝ ዓመት አልፈጀበትም።

አስተዋይ አንባቢ፥ እናንተ የተመለሱትን ቈጠራችሁ፤ በ0 ጀምረው በ0 የቀሩትን ግን ማን ይቈጥራቸዋል? ብሎ ቢጠይቀን ጥያቄው ትክክል ነው። የነዚያ ቍጥር እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ እኛ የደከመ ሁሉ በሥራው ይቈይ አንልም፤ መራጮችም አታፓቱን ሦስት ጊዜ ከቡድን ማስወጣታቸው ስሕተት ነው አንልም። የምንለው፥ የተሰናበተው ሰው ሥራው የሚታይበትና የሚጻፍበት ስፍራ ይኑረው፤ ያሰናበተውም ሹም ያን መዝገብ በየጊዜው ይመልከት፤ ሰውዬው የወደቀበት ሥራ በእውነት የርሱ ሥራ እንደ ነበረም ይመርምር ነው። የፍርዱን ምክንያት በጽሑፍ ያልተወ ሹም ፍርዱን መልሶ ለመመርመር አይችልም።

ፍርድ የሚሳሳተው በደካማ ጅማሬ ላይ ብቻ አለመሆኑን የትሪኒዳዱ አንዲ ጋንቶም ያሳያል። በ1948 ዓ.ም. በፖርት ኦፍ ስፔን ለዌስት ኢንዲስ ተሰልፎ ከእንግሊዝ ጋራ በተደረገው ቴስት አንድ ጊዜ ብቻ ቆሞ 112 ሩጫ አገኘ። እጁ ይዘገያል ተብሎ ተነቀፈና ከዚያ ወዲያ በቴስት ግጥሚያ አልተሰለፈም። አማካይ ቍጥሩ 112 ስለ ሆነ ከብራድማን 99.94 ይበልጣል። በ2016 ዓ.ም. በ95 ዓመቱ ዐረፈ፤ ሁለተኛ ቢቆም ኖሮ ስንት ያገኝ እንደ ነበር መዝገቡ አይናገርም።