የታቦር ዳስና የአረጋውያን ጣሪያ

ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ሲከበር፣ ጌታ በተራራው ላይ ብርሃነ መለኮቱን በገለጠ ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ ሦስት ዳስ ሊሠራ መመኘቱ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ይሰበካል። የበዓሉን ስም በያዘችው በደብረ ታቦር ከተማ ዳስ የሚሻው ሰው ሩቅ አይደለም። ጉና በደመና ተሸፍኖ ብርዱ በሚበረታበት በዚህ ወር፣ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ምድጃ ታቅፈው የሚያድሩ አረጋውያን ከአጥር ማዶ አሉ።

በቡሄ ዋዜማ ሕፃናት በየደጁ ሲጨፍሩ ሙልሙል ሰጥተው የሚመርቁት እነዚሁ አባቶችና እናቶች ናቸው። አረጋዊ ከቀዬው ሲነቀል የንስሐ አባቱን፣ የሰንበቴ ጽዋውንና ቡና የሚጠራራውን ጎረቤት ያጣል። ወላጆቻቸውን ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ወስደው ሊጦሩ የሚሹ ልጆች አሳባቸው መልካም ነው። ይሁን እንጂ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ደረጃ መውረድ ተስኖት ቀኑን በመስኮት የሚገፋ ሰው ተጦረ ለማለት ያዳግታል።

በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ብዙዎችን ከጎዳና አንሥቷልና ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ሰው ለጎዳና ከመዳረጉ አስቀድሞ፣ በቤቱ ሳለ ሊደረግለት የሚችለው ነገር ወጪው አነስተኛ ነው፤ ሁለት ሦስት ቅጠል ቆርቆሮ፣ የግድግዳ ምርጊት፣ ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ የሚደገፉበት እንጨት፣ በየማለዳው ውኃ የሚቀዳ አንድ ጎረምሳ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወጣቶች በየክረምቱ የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደሳቸው በብዙ ከተሞች ተለምዷል፤ ደግ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ውኃ የሚቀዳው ዓመቱን ሙሉ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ቤቶች መካከል ዛሬም የቀበሌ ቤት ተብለው አረጋውያን የሚኖሩባቸው አሉ። ጥገናው የተከራዩ ነው፣ የቀበሌው ነው ሲባባሉ ክረምቱ ያልፋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል፤ አስተዳደሩ ቢያንስ ይህን ክርክር ሊቋጨው ይገባል።

የቀረው የእድር ነው። እድራችን አባሉ ባረፈ ሰዓት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። ለዚያው ሰው በሕይወት ሳለ አንድ ቅጠል ቆርቆሮ መምታት በደንቡ ስላልተጻፈ ብቻ ይቀራል! ደንብ ደግሞ በአባላት ድምፅ ይሻሻላል። ክረምቱ ሳይወጣ በሚደረገው ስብሰባ የእድሩ ዳኛ መዝገቡን ሲገልጡ፣ መዋጮ ያልከፈለው ማን እንደሆነ ከመጠየቃቸው በፊት የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ ይጠይቁ።