በአሰላ ብርድ ኤሲ?!

ከአሰላ የጻፈልን ወጣት «የፊት መስታወት ማድረቂያውን ስጫን ኤሲውን ሳልነካው ከኮፈኑ ስር 'ቀጭ' ብሎ ኮምፕሬሰሩ ይነሳል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠፋል። ጋራዥ 'ጋዝ ሙላ' አሉኝ። ብሬን ላውጣ?» ሲል ይጠይቃል።

ወንድሜ፣ ለጊዜው ኪስህን ያዝ! አሰላ ከባህር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከሞቃቷ አዳማ ተነስተህ ስትወጣ የጭላሎ ብርድ መስታወቱን ያቀዘቅዘዋል፤ የተሳፋሪዎች ትንፋሽ ደግሞ እዚያው ላይ ጤዛ ይሆናል። ኮምፕሬሰሩ ሲሠራ ግን አየሩ ይቀዘቅዝና እርጥበቱ ውሃ ሆኖ ከመኪናው ስር ይንጠባጠባል። የደረቀው አየር በማሞቂያው አልፎ መስታወቱን ያጠራልሃል። ብዙ መኪኖች ማድረቂያው ሲጫን ኮምፕሬሰሩን ራሳቸው የሚያስነሱት ለዚህ ነው።

መጥፋቱስ? ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ በረዶ እንዳይሠራ ኮምፕሬሰሩ ይቆማል፤ ሲሞቅ ይመለሳል። ውጭው ውርጭ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም።

ጋዝ ማነሱን የምትጠረጥረው አዳማ ሙቀት ውስጥ ኤሲው ሞቅ ያለ አየር ከነፋ፣ ወይም ኮምፕሬሰሩ በየጥቂት ሰከንዱ ከተነሳና ከጠፋ ነው። ያኔም መጀመሪያ የሚያፈስበት ቦታ ይፈለግ። ሳይደፈን መሙላት ብር ማፍሰስ ነው።

ነዳጅ ይበላል ብለህም ማድረቂያውን አትዝጋ። በአንድ እጅ መሪ፣ በአንድ እጅ ጨርቅ ይዘህ ወደ በቆጂ ስትነዳ ከፊትህ ያለው ጋሪ ላይታይህ ይችላል። ከነዳጁ የጋሪው ባለቤት ነፍስ ይበልጣል!