ለዕቃው ተከፍሎ ለእጅ ያልተከፈለለት ብስክሌት

ሰውየው ብስክሌቱን የገዛው መርካቶ ነው። ጥቁርና ቀይ ቀለም፣ ከፊትም ከመሐልም ሞላ፣ በሁለቱም ጎማ የዲስክ ፍሬን፣ አግዳሚው ብረት ላይ በትልቁ «21 ማርሽ» የሚል ጽሑፍ። አንድ ሰዓት ያህል ተከራክሮ ዋጋ አስቀነሰ። የሱቁ ልጅ ብስክሌቱን ከካርቶን አወጣ፣ መሪውን አቀና፣ ፔዳሉን አሰረ፣ የፊት ጎማውን አስገባ፣ ነፋ፣ «በሰላም ንዳው» ብሎ ሸኘው። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ሜክሲኮ ሳይደርስ ሰንሰለቱ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ዳገት ላይ ማርሽ ሲያቀል ሰንሰለቱ ወለቀ። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ቢጨምቅ ቢጨምቅ እጀታው መሪውን ነካ፤ ብስክሌቱ ግን መሄዱን ቀጠለ። በሁለተኛው ሳምንት ፍርዱ ተሰጠ፦ «የቻይና ዕቃ!» ብስክሌቱ ላስቲክ ለብሶ በረንዳ ላይ ቆመ፣ ባለቤቱም ወደ ታክሲ ሰልፉ ተመለሰ።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ አይደለም። ወደ ኮንዶሚኒየም በረንዳዎች ቀና ብሎ ያየ ሰው ስንቱ ብስክሌት እንዲህ ቆሞ እንደቀረ ያውቃል። ፍርዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው። ዕቃው ርካሽ መሆኑ እውነት ነው። ያልሠራው ግን ስለረከሰ አይደለም፤ ከካርቶን ከወጣ ጀምሮ ማንም በወጉ ስላላስተካከለው ነው። ገዢው ለዕቃው ከፈለ፣ ለእጅ አልከፈለም። ሻጩም ዕቃውን ሸጠ እንጂ የሚነዳ ብስክሌት አላስረከበም።

ስለ ማርሹ እንነጋገር ከተባለ፣ የጃፓኑ ሺማኖ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ሳካይ በምትባል ከተማ የብስክሌት ዕቃ ሲሠራ የኖረ ድርጅት ነው። ከማርሾቹ መካከል በዝቅተኛው ደረጃ ላይ ያለው «ቱርኒ» ይባላል፤ ርካሽ ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው ወይ እሱ ነው ወይ የእሱ ቅጂ። ሰው ሲንቀው ይሰማል። ነገር ግን ጣት አንዴ ሲጫን ሰንሰለቱ ልክ አንድ ጥርስ የሚዘልበት የሺማኖ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1984 ሲወጣ ለእሽቅድምድም በተሠራው ውድ ዕቃ ላይ ነበር። ዛሬ ያው አሠራር ቱርኒ ላይ አለ። ቱርኒ ከውዶቹ ይከብዳል፣ ቶሎ ይላላል፣ ድምፁም ጣት ላይ የሚሰጠው ስሜትም ሸካራ ነው። በትክክል ከታሰረ ግን ሰባቱንም ጥርስ ያለ ጭቅጭቅ ይወጣል፣ ይወርዳል። በአንጻሩ የተሻለ የሚባል ማርሽ ገመዱ ላልቶ ከታሰረ ከቱርኒ በታች ነው።

ማስተካከሉ ምን ያህል ከባድ ነው? ካቻቢቴ የያዘና ግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ያለው ሰው ይጨርሰዋል። ከኋላው ማርሽ ቀያሪ ላይ «ኤች» እና «ኤል» የሚል ምልክት ያላቸው ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ። የመጀመሪያው ሰንሰለቱ ከትንሹ ጥርስ አልፎ ወደ ውጭ እንዳይወድቅ ይገድባል። ሁለተኛው ከትልቁ ጥርስ አልፎ ወደ ቸርኬው ሽቦ እንዳይገባ ይገድባል። ይህ ሁለተኛው የቀልድ አይደለም። ልቅ ከሆነ፣ ነጂው ዳገት ላይ ቆሞ በሙሉ ክብደቱ ሲረግጥ ማርሽ ቀያሪው ራሱ ከሽቦው ጋር ተያይዞ የኋላው ጎማ ባለበት ይቆለፋል። ከኋላ የሚመጣው ሚኒባስ ደግሞ አይጠብቅም። ይህን አደጋ የሚያስቀረው የብሎኗ ሩብ ዙር ወይም ግማሽ ዙር ብቻ ነው።

ሁለቱ ብሎኖች ልካቸውን ካገኙ በኋላ የገመዱ ተራ ይመጣል። ገመዱ ወደ ማርሽ ቀያሪው በሚገባበት ቦታ በጣት የሚዞር ትንሽ ማስተካከያ አለ። ሰንሰለቱ ወደ ትልቅ ጥርስ ለመውጣት ከዘገየ ገመዱ ላልቷል፤ ከብስክሌቱ ኋላ ሆኖ እያዩ ማስተካከያውን በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ አቅጣጫ ግማሽ ዙር ማዞር ያጠብቀዋል። ወደ ትንሽ ጥርስ ለመውረድ ከዘገየ ግልባጩ ይደረጋል። አዲስ ገመድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቦታ ቦታውን እስኪይዝ መላላቱ የታወቀ ነው፤ የመርካቶው ሰውዬ ብስክሌት በሁለተኛው ሳምንት የባሰበትም ለዚህ ነው። ዕቃው ተበላሽቶ ሳይሆን አንዴ እንደገና እንዲጠብቅ እየጠየቀ ነበር።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ፣ ማርሽ ቀያሪው የተንጠለጠለበት ብረት መታጠፉን መጠርጠር ነው። ካርቶኖች ተደራርበው ሲጫኑ ወይም ብስክሌቱ በቀኝ ጎኑ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው። ከኋላ ሆኖ ሲያዩት ሁለቱ ትንንሽ መንኮራኩሮች ከላያቸው ካለው ጥርስ ጋር በአንድ ቀጥታ መስመር ካልዋሉ ታጥፏል። ብሎን ማዞር ይህን አያድነውም፤ ብረቱን የሚያውቅ እጅ ማቅናት አለበት።

ስለ «21» ቁጥሩም አንድ ነገር ይነገር። ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሰባት ሲባዛ 21 ይሆናል እንጂ ብዙዎቹ በክብደት እርስ በርስ የሚደራረቡ ናቸው። ለአዲስ አበባ ሰው ቁም ነገሩ የቁጥሩ ብዛት አይደለም፤ ከሁሉ የቀለለው ማርሽ ምን ያህል ይቀላል የሚለው ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከተማዋም ከዚያ ጀምሮ እስከ አቃቂ ድረስ እየወረደች የተዘረጋች ናት። ብዙ ርካሽ ብስክሌት ከኋላ የሚይዘው ትልቁ ጥርስ ባለ 28 ነው። ያንን ባለ 34 በሆነ መቀየር የቀለለውን ማርሽ 18 በመቶ ገደማ የበለጠ ያቀለዋል፤ ሲቀየር የሰንሰለቱ ርዝመት እንደሚበቃና ማርሽ ቀያሪው 34 ጥርስ እንደሚችል ማየት ያስፈልጋል። ገንዘብ ማውጣት ለፈለገ ሰው ከሚያብረቀርቅ መሪና ከባለ መብራት ፔዳል ይልቅ ጉልበቱ የሚያመሰግነው ይህንን ነው።

የፍሬኑ ጉዳይ ግን ከምቾት አልፎ የነፍስ ነው። ርካሹ ባለ ገመድ የዲስክ ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ ሸራዎች የሚገፋው አንዱን፣ የውጭውን ብቻ ነው። የውስጠኛው ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ የውስጠኛው ሸራ ዲስኩን ለመንካት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በራሱ ማስተካከያ መጠጋት አለበት፤ ካልተጠጋ እጀታው መሪውን እስኪነካ ቢጨመቅም የሚይዝ ነገር የለም። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርድ ሰው ይህን መማር ያለበት ከመውረዱ በፊት ነው። አዲስ ሸራ ደግሞ ወዲያው አይነክስም። ጠፍጣፋ መንገድ ላይ ሃያ ጊዜ ያህል ፍጥነት እየያዙና እየቀነሱ ማለማመድ ይፈልጋል። ሰንሰለት ሲቀባ ዘይት ዲስኩ ላይ ከተረጨ ያ ፍሬን ሞተ ማለት ነው።

ቸርኬውን በጎማ የሚጨብጠው ተራ ፍሬን በዚህ ዋጋ ከዲስኩ የሚያንስ አይደለም፣ እንዲያውም ለማስተካከል ይቀላል። የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን ሙሉ ለሙሉ መንካት አለበት፤ ወደ ላይ ከተንሸራተተ የጎማውን ጎን ይበላና አንድ ቀን ይፈነዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቸርኬው አሉሚኒየም ሳይሆን ብረት ከሆነ፣ የክረምት ዝናብ ላይ መያዙን ተስፋ አታድርጉ።

ገመዱ የሚያልፍበት ፕላስቲክ ለባሽ ቱቦም ሁለት ዓይነት ነው። የፍሬኑ ውስጡ እንደ ሞላ የተጠመጠመ ብረት ነው፤ የማርሹ ደግሞ በቁመቱ የተደረደሩ ቀጫጭን ሽቦዎች። «ያው ነው» ብሎ የማርሹን ለፍሬን የሚያስር አለ። ያው አይደለም፤ በኃይል ሲጨመቅ ሊተረተር ይችላል። ሁለቱን በየዓይነታቸው አዲስ ማድረግ ከሁሉ የረከሰ፣ ለውጡ ግን ከሁሉ የሚታወቅ ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር፣ የማይስተካከል ርካሽ የለም ማለት አይደለም። ባለ ሁለት ሞላው የመርካቶ ብስክሌት ከእነዚህ አንዱ ነው። ዋጋው ከባለ አንድ ወጥ አካሉ እኩል ሆኖ ሞላ ሁለት ካለው፣ የሞላው ገንዘብ ከሆነ ቦታ ተቀንሶ ነው የመጣው፦ ከኩሽኔታው፣ ከቸርኬው፣ ከፍሬኑ። በዚያ ላይ ይከብዳል፣ ዳገት ላይም የእግርን ኃይል ይውጣል። በተመሳሳይ ገንዘብ ሞላ የሌለው፣ አሉሚኒየም ቸርኬ ያለው ያገለገለ ብስክሌት የሚያገኝ ሰው ሳያመነታ ይግዛ። ፕላስቲክ የሆነ የፍሬን እጀታም ይለወጣል እንጂ አይስተካከልም።

ባለሙያ ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና አዳማ ብስክሌት ሲጠግኑ የኖሩ እጆች አሉ። የሙያው ቋንቋ እንኳ ከጣሊያን ተወርሶ የከረመ ነው፦ ካቴና፣ ቸርኬ፣ ሞላ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ። ችግሩ ለዚህ እጅ የሚሰጠው ዋጋ ነው። ለብስክሌቱ የተጠየቀውን የከፈለ ሰው፣ ሠራተኛው ለግማሽ ሰዓት ማስተካከያ ሲጠይቀው «ብሎን ለማዞር?» ይላል። እንዲህ የተባለ ሠራተኛ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ በጥንቃቄ አይሠራም፤ ብሎኑን ያዞራል፣ የተቃጠለ ዘይት ሰንሰለቱ ላይ ያፈሳል፣ ይሸኛል። ያ ዘይት አቧራ ሰብስቦ ጥርሱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ሰንሰለት በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ ተደርጎ ትርፉ ይጠረጋል። ማርጀቱን ለማወቅም ማስመሪያ ይበቃል፦ አሥር ሙሉ ዓይኖቹ አዲስ ሲሆን 254 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ 256 ከደረሱ የሰንሰለቱ ጊዜ አልፏል፣ ካልተቀየረም ጥርሱን ይዞ ይሄዳል።

«መንገድ ለሰው» በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር ብስክሌት የእሑድ መዝናኛ ይመስል ነበር። አሁን በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፤ ብዙ ሰዓት ባዶውን መሆኑም ይታያል። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ዳገቱ፣ ፀሐዩ፣ የመኪናው ብዛት ነው። የበረንዳው ብስክሌት ግን አይቆጠርም። አንዴ ገዝቶ ፍሬን የከዳው ሰው መስመር ስለተሠራለት አይመለስም። ምግብና ዕቃ በብስክሌት እያደረሰ ለሚኖር ወጣት ደግሞ የወለቀ ሰንሰለት የዕለት ገቢ ነው።

ስለዚህ ገዢው ከፍሎ ከመውጣቱ በፊት እዚያው ሱቁ በር ላይ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንስቶ ፔዳሉን እያዞረ ሁሉንም ማርሽ ይሞክር። ሁለቱን ፍሬን በሙሉ ኃይሉ ይጨምቅ፤ እጀታው መሪውን ከነካ ገንዘቡ ኪሱ ይቆይ። የፊት ሹካው ወደ ኋላ ተገልብጦ እንዳልተገጠመ ይይ፣ ይህም ያጋጥማል። የግራው ፔዳል የሚጠብቀው በተለምዶው ተቃራኒ ስለሆነ በግድ ታስሮ ጥርሱ እንዳልተበላ ፈትቶ ይመልከት። ዋጋ ሲከራከርም መጨረሻ ላይ የሚያስቀንሳትን ገንዘብ ትቶ፣ በእሷ ፋንታ ብስክሌቱ እፊቱ እንዲስተካከልለትና ከሁለት ሳምንት በኋላ ገመዱ እንደገና እንዲጠብቅለት ይጠይቅ።