ስንተኛው መርፌ ነው?

አንባቢ ሆይ፤ የመሥሪያ ቤትህን ደብዳቤ ሁሉ በቁጥርና በቀን ትመዘግባለህ፤ ጉልበትህን የተወጋኸውን የኮርቲዞን መርፌስ? መድኃኒቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ፊሊፕ ሄንችንና ባልደረቦቹን ለኖቤል ሽልማት ያበቃ፥ ሕመምንም ለጥቂት ሳምንታት የሚያስታግሥ ነው። መደጋገሙ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2017 በታተመ የቦስተን ሐኪሞች ጥናት፥ ጉልበታቸው የተጎዳ ሰዎች የዚሁን ወገን መርፌ በየ12 ሳምንቱ ለ2 ዓመት ቢወጉ፥ የመገጣጠሚያቸው ለስላሳ አጥንት የጨው ውሃ ከተወጉት ይበልጥ ሳሳ፤ ሕመማቸውም ከእነዚያ የተሻለ አልሆነም።

ሐኪምን መጠየቅ ድፍረት ነው ተብለን አድገናል፤ እኔም ጭምር። ቢሆንም መርፌውን ሲያነሡ «ይህ ስንተኛዬ ነው? ያለፈው ስንት ሳምንት ረዳኝ? ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴስ አይሻለኝም?» በላቸው። የስኳር በሽታ ካለብህም መርፌው ስኳርህን ለጥቂት ቀናት ከፍ ሊያደርገው ይችላልና፥ አስቀድመህ ንገራቸው።